«ዓይኑማ ታይቷል»፦ ትኩረት የለውም የተባለ የአንድ ልጅ ጉዳይ

ይህን ልጅ ያወቅኩት 8 ዓመት ከ3 ወር ሲሆነው ነው። ማንበብ እንዳስጠናው ነበር የመጣው። እናቱ ገና ወንበሯን ሳትይዝ ሦስት ነገር ነገረችኝ። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ (የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት። መድኃኒት ይወስዳል። መጽሐፍ ሲያይ ይሸሻል። ልጁ ከጎኗ ቆሞ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይጎትታል። ስለ እሱ ሲወራ መስማት የለመደ ልጅ ነው። ቀና ብሎም አላየኝም።

ስሙን አልጽፍም። ማንነቱን የሚያሳብቅ ነገርም ትቻለሁ። ወላጆቹ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። እንዲያውም «ይጻፍ እንጂ! ሌላ ልጅም ይኖራል» ያለችው እናቱ ናት።

ከእኔ በፊት የነበረው

1ኛ ክፍል እያለ መምህርቱ የጻፈችው ማስታወሻ ዛሬም እናቱ ዘንድ አለ። «ፈጣን ነው። በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል። መጽሐፍ ሲከፈት ግን ከወንበሩ ይነሳል፣ እርሳስ ልቅረጽ ብሎ ይሄዳል፣ ጓደኞቹን ይረብሻል» ይላል። አሁን ሳነበው ሆዴን ይበላኛል። የመልሱ ግማሽ እዚያው ተጽፎ ነበር። በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል። መጽሐፍ ሲከፈት ይነሳል።

7 ዓመት ሲሞላው ለትኩረቱ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ምርመራው በጥድፊያ የተሠራ አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ወላጆቹ መጠይቅ ሞሉ፣ መምህርቱም ሞላች። ሐኪሙ ልጁን ሦስት ጊዜ አየው። ለኤ.ዲ.ኤች.ዲ በሚሠራበት መመዘኛ ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለባቸው። ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር አለባቸው። ከአንድ ቦታ በላይ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየት አለባቸው። የእሱ ይህን ሁሉ ያሟላ ነበር። ተራ መጠበቅ አይችልም። ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ ይመልሳል። ጫማህን አምጣ ተብሎ ወደ ጓዳ ይሄድና ባዶ እጁን ሌላ ነገር እያወራ ይመለሳል። እነዚህ ከንባብ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ስለዚህ ምርመራው ትክክል ነበር። አሁንም ትክክል ነው።

ዓይኑም ታይቷል። 6 ሜትር ርቀት ላይ በተሰቀለው የፊደል ሠንጠረዥ ፊት አቆሙት። አንዱን ዓይን ሸፈነ፣ ቀጥሎ ሌላውን። እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ለቀመው። «6/6፣ ዓይኑ ደህና ነው» የሚል ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የዓይን ነገር ያነሳ ሰው የለም። ለምን ይነሳል? ታይቷላ።

ሜቲልፌኒዴት የሚባል የኤ.ዲ.ኤች.ዲ መድኃኒት ተጀመረለት። ረድቶታል። ክፍል ውስጥ መቀመጥ ቻለ፣ ጓደኞች አገኘ፣ መምህርቱም ትንሽ አረፈች። ንባቡ ላይ ግን ለውጥ አልመጣም። የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ተደረገ። የምግብ ፍላጎቱ ወረደ፤ ንባቡ እንዳለ ቀረ። እናቱ የነገረችኝን ቃል በቃል ላስቀምጠው፦ «ድሮ መጽሐፉን ጥሎ ይሮጥ ነበር። አሁን መጽሐፉ ፊት ተቀምጦ ያለቅሳል።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ትናገራለች። መድኃኒቱ የመቀመጥን ችግር ፈታለት። ሲቀመጥ የሚጠብቀውን ነገር ግን አልነካውም።

ሁለት ወር ያባከንኩበት መንገድ

እኔም እንደ ሌላው ሰው ነው የጀመርኩት። ትኩረት የለውም ተብያለሁ፤ ትኩረት እንደሌለው ልጅ አስተማርኩት። ሥራውን ቆራረጥኩለት። ሰዓት ቆጣሪ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። 5 ደቂቃ ካነበበ ኮከብ ያገኛል፣ 5 ኮከብ ሲሞላ ጨዋታ አለ። ዘዴው መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ልጅ በዚህ ተለውጧል። እሱም ኮከቧን በጣም ይፈልጋታል። 5 ደቂቃዋ ግን አትሞላለትም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያዛጋል። አራተኛው ላይ ጭንቅላቱን ክንዱ ላይ ያጋድማል። አምስተኛው ላይ ጠረጴዛ ሥር ነው።

አንድ ቀን ተቆጣሁት። «እየሞከርክ አይደለም» አልኩት። «እየሞከርኩ ነው እኮ» አለኝ፣ በጣም በቀስታ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እውነቱን ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሱ በላይ የሚለፋ ሰው አልነበረም።

ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ አጋጣሚ ነው። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቶ መጣ። ትምህርቱ ከሚቀር ብዬ እኔ አነበብኩለት። 35 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። 35 ደቂቃ! ሁለት ገጽ ወደ ኋላ የነበረ ነገር አስታውሶ «ቁልፉን የያዘው እኮ ወንድሙ ነው» ብሎ አረመኝ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር፣ ያንኑ መድኃኒት ወስዶ ነው። ታሪኩም ከመጽሐፉ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዓይኑ መሥራት አልነበረበትም።

ያን ቀን ማታ ባዶ ደብተር አወጣሁ። ለሦስት ሳምንት መዘገብኩ። ማን እንዳነበበ፣ የፊደሉ መጠን ምን ያህል እንደሆነ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሸሸ፣ የት ላይ እንደተሳሳተ። ከተራው መጽሐፍ ራሱ ሲያነብ ከ4 እስከ 7 ደቂቃ ይቆያል። ያንኑ ገጽ በፎቶ ኮፒ አሳድጌ ስሰጠው 12፣ አንዳንዴ 14 ደቂቃ። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከ3 ሜትር ርቀት ሲያነብ ደግሞ ቀድሜ የምደክመው እኔ ነበርኩ። ትኩረት ብቻ የጎደለው ልጅ በፊደል መጠንና በርቀት እንዲህ መለዋወጥ አልነበረበትም።

የስህተቶቹ ዓይነትም ያሳስብ ነበር። ፊደላችን በጥቃቅን ምልክት ነው የሚለያየው። «ቱ» እና «ቲ»ን የሚለያቸው ያቺ ትንሽ ጭረት ወገባቸው ላይ መሆኗ ወይም እግራቸው ሥር መሆኗ ነው። «ሙ» እና «ሚ»ም እንዲሁ። ልጁ ገጹ አናት ላይ አይሳሳትም። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው መስመር ላይ ሲደርስ «ቤቱ» «ቤቲ» ይሆናል። ያኔ ቃሉን መገመት ይጀምራል። የመጀመሪያውን ፊደል ያይና ከታሪኩ ጋር የሚሄድ ቃል ከራሱ ይጨምራል። ትንሽ አረፍ ብሎ ሲመለስ ያችኑ ቃል በትክክል ያነባታል። ፊደል የማያውቅ ልጅ ገጹ አናት ላይም ይሳሳታል። ይህ ልጅ ፊደሉን ያውቀዋል። እያነበበ ሳለ ነው የሚጠፋበት።

መጠይቆቹ ላይ ይህ ነገር ምን ተብሎ እንደተሞላ ታውቃላችሁ? «ዝርዝር ነገር ላይ ጥንቃቄ አያደርግም፤ በግዴለሽነት ይሳሳታል።» ከሱ ሥር ደግሞ «ረጅም የአእምሮ ጥረት የሚፈልግ ሥራ ይሸሻል» የሚለው አለ። ሁለቱም የትኩረት ማነስ እውነተኛ ምልክቶች ናቸው። ሁለቱም በቅርብ በደንብ የማያይ ልጅም ምልክቶች ናቸው። ወረቀቱ ሁለቱን ልጆች መለየት አይችልም።

በመጨረሻ ራሱን ጠየቅኩት። መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር።

«ብዙ ስታነብ ፊደሎቹ ምን ይሆናሉ?»

«ምንም።»

ጠበቅኩት። ዚፑን ጎተተ።

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ይቀልጣሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ።»

«ለሰው ተናግረህ ታውቃለህ?»

«ምኑን?»

የሁሉም ሰው ፊደል የሚቀልጥ ነው የመሰለው። ማንም ልጅ በሌላ ሰው ዓይን አይቶ አያውቅም። ያለውን እይታ እንደ ጤነኛ እይታ ነው የሚቆጥረው። «ዓይኔን አመመኝ» የሚለው ሲያመው ነው። ድካምን ግን ልጅ ድካም ብሎ አይጠራውም፤ «ሰለቸኝ» ይላል። ወይም ምንም ሳይል ከወንበሩ ይነሳል።

ምርመራው

እናቱ ጋ ደወልኩ። «ዓይኑማ ታይቷል» አለችኝ። አባቱ ከጎን ሆኖ «አሁን ደግሞ ሌላ በሽታ ልትፈልጉበት ነው?» ሲል ይሰማኛል። አልተቀየምኩም። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ልጁ የሰማው የጎደለውን ብቻ ነው። እኔ የለመንኳቸው ለሦስት ነገር ነው። የቅርብ እይታው ይታይ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተጨምሮለት ይመርመር። ሁለቱ ዓይኖቹ አብረው መሥራታቸውም ይፈተሽ። ሠንጠረዡን ብቻ ከሆነ አትድከሙ አልኳቸው፤ እንደሚያልፈው አውቃለሁ።

አለፈውም። እኔም አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ኦፕቶሜትሪስቷ (የእይታ መርማሪዋ) ከሠንጠረዡ ጀመረች፤ እንደ ድሮው እስከ ታች አነበበ። እናቱ ዞር ብላ አየችኝ። ቀጥሎ የቅርብ ካርድ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ተያዘለት። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አነበበ። «ቀጥል» ስትለው ቀጠለ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ወደ ኋላ ተደገፈ። ኦፕቶሜትሪስቷ ምንም አላለችም፤ ጻፈች። ከዚያ እርሳስ ወደ አፍንጫው አስጠጋች። ዓይኖቹ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ አብረው ተከተሉት። በዚህ በኩል ደህና ነው።

ቀጥሎ ጠብታው መጣ፤ ሳይክሎፔንቶሌት ይባላል። ያቃጥላል። እውነቱን ቀድሞ መንገር ጥሩ ነው፤ ለእሱም ነገርነው፣ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ጠብታው እስኪሠራ ወደ 40 ደቂቃ ጠበቅን።

ጠብታው ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ፤ ጉዳዩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነውና። የልጅ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ለስላሳ ነው። ቅርብ ለማየት ሲፈልግ ውስጡ ያለች ትንሽ ጡንቻ ትኮማተርና ሌንሱ ይወፍራል። ሃይፐሮፒያ (በተለይ ቅርቡን ማየት የሚያስቸግር የዓይን ችግር) ያለበት ልጅ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ከፊት ወደ ኋላ አጠር ያለ ነው። ስለዚህ ምስሉ ሬቲናው (ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ በማረፍ ፈንታ ከኋላው ሊያርፍ ይሄዳል። ልጁ ያችኑ ጡንቻ ተጠቅሞ ይስበዋል። ሩቅ ሲያይም ይስባል፣ ቅርብ ሲያይ ደግሞ የበለጠ። ሳያውቀው፣ ቀኑን ሙሉ። ሠንጠረዡን የሚያልፈው ለዚህ ነው። ሠንጠረዡ «ታያለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። «ለማየት ምን ያህል ትለፋለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ጠብታው ጡንቻዋን ለጊዜው ያሳርፋታል። ያኔ የተደበቀው ይወጣል።

ኦፕቶሜትሪስቷ ሬቲኖስኮፑን ይዛ ብርሃኑን ዓይኑ ላይ እያንቀሳቀሰች ሌንስ ቀያየረች። ለዚህ ምርመራ የልጁ መልስ አያስፈልግም። ቀኝ +4.25፣ ግራ +4.50 ዳዮፕተር። ዳዮፕተር የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው፤ የመደመር ምልክቱ ሃይፐሮፒያ እንዳለበት ይናገራል።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው። መጽሐፍ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዞ ለማንበብ ማንኛውም ልጅ 2.5 ዳዮፕተር ያህል ሌንሱን ማወፈር አለበት። ይህ ልጅ የራሱን ጭምር ሲደምር ወደ 7 ይጠጋል። ልጆች እንደሚያደርጉት መጽሐፉን 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ካስጠጋ ከ8 ያልፋል። በ8 ዓመት ዕድሜ የሚጠበቀው አቅም ቢያንስ 13 ዳዮፕተር ገደማ ነው። ስለዚህ ይችላል። ግን ለጥቂት ደቂቃ። ውሃ የሞላ ባልዲ ክንድ ዘርግቶ እንደ መያዝ ነው። ማንም ለአፍታ ይይዘዋል፤ ሙሉ ገጽ እስኪያልቅ የሚይዘው ግን የለም። ጡንቻዋ ስትዝል ፊደሉ ይቀልጣል። ስታርፍ ይመለሳል። ልጁ የነገረኝ ይህንኑ ነበር፤ ከእኔ ማብራሪያ የእሱ ያጥራል።

ከዚያ ኦፕቶሜትሪስቷ ያልጠበቅኩትን ነገር አደረገች። የሙከራ መነጽሩ ላይ −4 ሌንስ ከተተችና ለእናቱ ሰጠቻት። «ልጅዎ የሚለፋውን ልፋት ትንሽ ላሳይዎት። አዋቂ ስለሆኑ ከእሱ ይልቅ ይከብድዎታል፤ የእኛ ሌንስ እንደ ልጅ አይተጣጠፍም» አለቻት። እናቱ አድርጋው አንድ ቅጽ አነሳች። አራት ቃል ያህል አነበበች። ወረቀቱን አራቀችው፣ አስጠጋችው፣ አወረደችው። መነጽሩን አውልቃ ዝም አለች። ቆይታ «በቀን ስንት ሰዓት ነበር የማስቀምጠው?» አለች። ማናችንንም አልነበረም የጠየቀችው።

መነጽሩ

የታዘዘለት ሙሉው መጠን አልነበረም፤ +3.50 አካባቢ ነው። ለዓመታት ሲስብ የኖረ ጡንቻ በአንድ ቀን አይለቅም። ሙሉው ቢሰጠው ሩቁ ይደበዝዝበታል።

እንዲያም ሆኖ ደብዝዞበታል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከባድ ነበሩ። «ሩቁን አበላሸብኝ» ይላል። መነጽሩን ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል፣ ትራስ ሥር ይደብቀዋል። ኦፕቶሜትሪስቷ ይህ እንደሚመጣ ቀድማ ባትነግረን ኖሮ እኛም «አልተስማማውም» ብለን እናስቀምጠው ነበር። የስንት ልጅ መነጽር በእነዚህ ሁለት ሳምንታት መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ይሆን! እኛ በንባብ ሰዓት ብቻ አስጀመርነው፤ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ቀን ወሰድነው። በሦስተኛው ሳምንት አድርጎት መዋሉን ራሱ ረስቶት አገኘነው።

ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ደብተር አወጣሁ። ከተራው መጽሐፍ፣ ፊደሉ ሳያድግ፣ ራሱ ሲያነብ ከ16 እስከ 18 ደቂቃ ይቆያል። ገጹ ግርጌ ላይ ያለው ስህተት አናቱ ላይ ካለው ብዙም አይለይም። «ቤቱ» ቤቱ ሆኖ ቀረ። ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው የቤት ሥራ 40 ደቂቃ ገደማ ሆነ። ማጉረምረም አለ፤ ለቅሶ የለም።

አባቱ በቀጠሮው ቀን ሁላችንም በሆዳችን የያዝነውን አወጣው። «ታዲያ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ የለበትም ማለት ነው?» እኔም ይህንኑ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አልዋሽም። ሐኪሙ አዲሱን መጠይቅ ዘርግቶ አሳየን። ንባብ መሸሽ፣ ዝርዝር ላይ መሳሳት፣ ሥራ ጀምሮ መተው፣ እነዚህ በግልጽ ወርደዋል። ተራ አለመጠበቅ፣ ሰው ማቋረጥ፣ ዕቃ መጣል፣ እነዚህ እንዳሉ ናቸው። «ሁለቱም አሉበት» አለ። «አንደኛው ሌላኛውን ደብቆብን ነበር።» መድኃኒቱን አላቆመውም። መጠኑን ወደ መጀመሪያው መለሰው፤ የምግብ ፍላጎቱም ተመለሰ። ይህን የወሰነው ሐኪሙ ነው። መነጽር ተገኘ ብሎ መድኃኒት በራሱ የሚያቆም ወላጅ እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

መነጽሩ ያላደረገው ሌላም ነገር አለ። ያመለጠውን አላስተማረውም። እኩዮቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያነቡ እሱ ሲሸሽ ነበር። ቃላትን ባንድ እይታ መለየት ገና አልለመደም። መገመትም አመል ሆኖበታል። ፊደሉ ጥርት ብሎ እየታየውም ይገምታል። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሰን አጫጭር ቃላት ላይ ሠራን። አሁንም እየሠራን ነው። ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፣ ረጅም ነው፣ ሌላ መንገድም የለውም።

ከአንድ ልጅ ውጭ

ከአንድ ልጅ ጉዳይ ብዙ መደምደም አይቻልም። ግን ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ 4 እና 5 ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት በ2016 ውጤቱን አውጥቷል። ያልታረመ መካከለኛ ሃይፐሮፒያ ያለባቸው ልጆች፣ በተለይ የቅርብ እይታቸው የደከመ፣ በቅድመ ንባብ ፈተና ከሌሎቹ ያነሰ ነጥብ አግኝተዋል። ከዚያው ጥናት በወጣ ሌላ ጽሑፍ የትኩረት ፈተና ላይም እንዲሁ ሆኗል። እዚያው አሜሪካ ከ75,000 በላይ ልጆችን የሸፈነና ወላጆች የመለሱት አገራዊ መጠይቅ ደግሞ አለ። መነጽር የማያስተካክለው የእይታ ችግር ካለባቸው ልጆች 15.6 በመቶው ኤ.ዲ.ኤች.ዲ አለባቸው ተብሏል። ከሌሎቹ 8.3 በመቶው። ይህ አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት አይደለም። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ መገናኘታቸው ብርቅ አይደለም ማለት ግን ነው።

የዓይን ችግር ሁሉ ደግሞ ሃይፐሮፒያ አይደለም። ሁለቱ ዓይኖች ወደ ቅርብ ነገር አብረው መዞር የሚያቅታቸው ልጆች አሉ፤ ኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ ይሉታል። በ2005 የወጣ ጥናት ይህ ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ ከሌላው ሕዝብ ሦስት እጥፍ ገደማ ተመዝግቦ እንዳገኘው ጽፏል። ችግሩን ለመለካት የሚሠራበት 15 ጥያቄ ያለው ቅጽ አለ። «ስታነብ ትኩረትህ ይጠፋል? ያነበብከውን ትረሳለህ? ያንኑ መስመር ደግመህ ታነባለህ?» ይላል። አንብቡትና ፍረዱ። ትኩረት የሚያንሰው ልጅም ለእነዚህ «አዎ» ብሎ ይመልሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። «የዓይን ስፖርት ኤ.ዲ.ኤች.ዲን ያድናል፣ ዲስሌክሲያን (ማንበብ የመቸገር ችግርን) ያጠፋል» ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ። አትመኑ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት በ2009 በጋራ ባወጡት መግለጫ ለዚህ በቂ ማስረጃ የለም ብለዋል። ለኮንቨርጀንስ ኢንሰፊሸንሲ የሚሰጠው ልምምድ ለራሱ ለችግሩ ይሠራል፤ በ2008 በወጣ ጥናት በባለሙያ ክትትል 12 ሳምንት ከተለማመዱት ልጆች 73 በመቶው ተሽሏቸዋል ወይም ድነዋል። በ2019 የወጣው ተከታይ ጥናት ግን ያ ልምምድ አንብቦ መረዳትን ከማስመሰያ ልምምድ በላይ አላሻሻለም ይላል። ዓይን ሲታከም የሚድነው ዓይን ነው። ለእኛ ልጅ ያ ብዙ ነበር፤ ከጫንቃው ላይ አንድ ሸክም ወረደለት። ሌሎቹ ሸክሞች ግን የየራሳቸውን ሥራ ይፈልጋሉ።

ይህን ጉዳይ ስናገር ወላጆች አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ ምን አይቼ ልጠርጥር? የእኔ መልስ የደብተሬ ነው። ራሱ ሲያነብና ሲነበብለት የሚቆይበትን ደቂቃ አወዳድሩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ፣ ፊደሉ ሲያድግም ከጠበበ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። በእርግጥ ንባብ ገና ያልገባው ልጅም ሲነበብለት ረዘም አድርጎ ይቆያል፤ ስለዚህ ደብተሩ አይመረምርም። ባለሙያዋ ግን ከሁሉ በፊት ያነበበችው እሱን ነው። ልጃችሁ የትኩረት ምርመራ ሊደረግለት ከሆነ ደግሞ ዓይኑ በጠብታ ይታይ፣ ቅርቡም ይታይ። ታይቶ ምንም ካልተገኘም አንድ ነገር በእርግጠኝነት አወቃችሁ ማለት ነው።

ሃይፐሮፒያ በዘር ይሄዳልና ታናሽ እህቱም ታየች። 5 ዓመቷ ነው፤ ንባብ ገና አልጀመረችም፤ ስለ ትኩረቷ ቅሬታ ያቀረበ የለም። እሷም አለባት፤ ከእሱ ያነሰ። ለጊዜው ክትትል ብቻ ይበቃታል ተብሏል።

ልጁ አሁን 9 ዓመት ከምናምን ሆኖታል። መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጥሎታል፤ አንዱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ ያለበት ልጅ መነጽር እንዲጥል መጠበቅ ነው። ስለዚህ አንድ መለዋወጫ እኔ ጋ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት እየሮጠ ገባና ገና በሩ ላይ ሆኖ «ቲቸር፣ ዛሬ እርስዎ ያንብቡልኝ፤ መነጽሬን ረስቼዋለሁ፣ ፊደሎቹ ይቀልጡብኛል» አለኝ። መሳቢያውን ከፍቼ መለዋወጫውን አወጣሁለት። «ኧረ አለ ለካ!» ብሎ ወንበሩን ሳበ።